ስለ ሰይፍ ግጥሚያና ከሦስቱ ሰይፎች አንዱን ስለ መምረጥ



ሰይፍ የሚል ቃል በተሰማ ጊዜ በብዙዎቻችን አሳብ ቀድሞ የሚመጣው ጦርነትና ደም ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «የሰይፍ ግጥሚያ ልማር እወዳለሁ» ያለ እንደ ሆነ እናቲቱ ትደነግጣለች፤ አባትየውም ቀልድ መስሎት ይስቃል። ይልቁንም በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ሳያስቡት ሊሰሙት ይችላሉ፤ በዚያ አገር ፌንሲንግ የተባለው ይህ ጨዋታ በትምህርት ቤትም በስፖርት ማኅበርም የሚሰጥ ትምህርት ነውና። ልጁ ግን ከድንጋጤና ከሳቅ የተሻለ መልስ ይጠብቃል። ወላጅ የማያውቀውን ነገር በቶሎ ቢከለክል ልጁ የሚማረው አሳቡን መሰወርን ነው፤ ሳይመረምር በቶሎ ቢፈቅድ ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ከወጣ በኋላ ጸጸት ይመጣል። እንግዲህ በዚህ ወር ገጻችን ጨዋታው ምን እንደ ሆነ፣ ሦስቱ ሰይፎች በምን እንደሚለያዩ፣ ለየትኛውም ልጅ የትኛው እንደሚስማማ በተራ እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሰይፍ ግጥሚያ በ1896 በአቴና ከተማ የዛሬው የኦሊምፒክ ውድድር በተጀመረ ጊዜ ከነበሩት ጨዋታዎች አንዱ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ከአንድም ኦሊምፒክ ቀርቶ አያውቅም። ዓለም አቀፉ የሰይፍ ግጥሚያ ማኅበር በ1913 በፓሪስ ተመሠረተ። ሁለቱ ተጋጣሚዎች 14 ሜትር ርዝመት፣ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ መም ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሰይፉ ስለት የለውም፤ ጫፉም ዱልዱም ነው። ተጋጣሚው በልብሱ ውስጥ በሚያልፍ ሽቦ ከመቍጠሪያው መሣሪያ ጋር ይያያዛል፤ ሰይፉም የሚገባውን ስፍራ በነካ ጊዜ መብራት ይበራል። በመጀመሪያው ዙር በ3 ደቂቃ ውስጥ 5 ነጥብ ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ከዚያ በኋላ የተሸነፈው በሚሰናበትበት ዙር ግጥሚያው እስከ 15 ነጥብ ይሄዳል።

«አደጋስ የለውምን?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ ግዴታ ነው። በ1982 በሮም በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሞስኮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው የሶቪየት ኅብረቱ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ፣ የተጋጣሚው ሰይፍ ተሰብሮ ጭንብሉን ስለ በሳበት ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ ኀዘን በኋላ ጭንብሉ፣ ልብሱና የሰይፉ ብረት የሚሠሩበትና የሚመረመሩበት ደንብ እጅግ ጠበቀ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ውድድር የሚለበሰው ልብስ እስከ 800 ኒውተን፣ የጭንብሉም የአንገት መከለያ እስከ 1600 ኒውተን የሚደርስ የመውጋት ኀይል እንዲችል ግድ ነው። አሁን በብዛት የሚታየው ጉዳት እንደ ሌላው ስፖርት ሁሉ የቍርጭምጭሚት ወለምታ፣ የጕልበትና የጡንቻ ሕመም ነው። ሆኖም ደንብ የሚጠብቀው ደንቡን የጠበቀውን ነው። ጭንብል ሳያደርጉ ለጨዋታ እንኳ ሰይፍ እንዲነሣ የሚፈቅድ አሠልጣኝ ቢገኝ፣ ልጅን ይዞ ወደ ቤት መመለስ ይገባል።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ሰይፎች እንምጣ። የመጀመሪያው ፎይል ነው፤ ፈረንሳዮች ፍሎሬ ይሉታል። ጥንት መኳንንቱ ሰይፍ ለሚማሩበት ልምምድ የተሠራ ቀላል መሣሪያ ሲሆን ክብደቱ ከ500 ግራም አያልፍም። የሚነካው በጫፉ በመውጋት ብቻ ነው። ነጥብ የሚቈጠረውም የሰውነት ግንድ፣ ማለት ደረት፣ ሆድና ጀርባ ሲነካ ነው፤ እጅ፣ እግር ወይም ራስ ቢነካ ጨዋታው ይቆማል እንጂ ነጥብ የለም። የፎይል ዋና ሕጉ ግን የተራ ሕግ ነው። ቀድሞ እጁን ዘርግቶ ማጥቃት የጀመረው ተራው የእርሱ ይሆናል፤ ባላጋራው ጥቃቱን በሰይፉ ከመከተ፣ ወይም ጥቃቱ ከሳተ፣ ተራው ወደ መካቹ ይተላለፋል። የሁለቱም መብራት ቢበራ ዳኛው ተራው የማን እንደ ነበረ አይቶ ለአንዱ ይፈርዳል፤ ሁለቱ በአንድነት ያጠቁ እንደ ሆነ ግን ለማንም አይሰጥም። ይህ ነገር በቀድሞ ዘመን አባቶቻችን በችሎት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በተራ ይሟገቱበት የነበረውን ሥርዐት ያስታውሳል። የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ የተጠየቀውን መመለስ አለበት፤ በፎይልም አስቀድሞ መመከት፣ ከዚያም መውጋት ነው።

ሁለተኛው ኤፔ ነው። ይህ በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን ስለ ክብራቸው ሁለት ለሁለት ይጋጠሙበት ከነበረው ሰይፍ የመጣ ነው። ከሦስቱ የሚከብደው እርሱ ሲሆን እስከ 770 ግራም ይደርሳል፤ የእጅ መከለያውም ሰፊ ነው። በእርሱም የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከጭንብሉ እስከ ጫማው ጫፍ ድረስ ያለው ሰውነት ሁሉ ነጥብ ያስቈጥራል። የተራ ሕግ የለውም። ቀድሞ የነካ ያገኛል፤ ሁለቱ ከአንድ ሴኮንድ 25ኛ ክፍል ባነሰ ልዩነት ቢነካኩ ግን ለሁለቱም ይቈጠራል። ስለዚህ የኤፔ ተጋጣሚ ትዕግሥተኛ መሆን አለበት፤ ያለ ጊዜው የዘረጋው እጅ ለባላጋራው ቅርብ ግብ ነውና። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረታችን ለኤፔ የተነገረ ይመስላል። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ብዙ ሳይነካኩ ሲተያዩና ርቀት ሲለኩ ማየትም የተለመደ ነው።

ሦስተኛው ሳብር ነው፤ በእኛ ዘንድ ጎራዴ ከምንለው ጋር ይዘመዳል፤ የትውልዱ ምንጭ የወታደር ጎራዴ ነውና። ክብደቱ እንደ ፎይል ከ500 ግራም አያልፍም፤ ብረቱም ከ88 ሳንቲ ሜትር አይረዝምም፤ የሁለቱ ግን እስከ 90 ይደርሳል። በሳብር በመውጋትም ሆነ በብረቱ ጠርዝ በመምታት ነጥብ ይገኛል። ራስና ክንድ ጭምር ከወገብ በላይ ያለው ስፍራ ይቈጠራል፤ የተራም ሕግ አለው። ከሦስቱ እጅግ ፈጣኑ እርሱ ስለ ሆነ፣ እስከ 15 ነጥብ የሚደረገው ግጥሚያ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ይፈጸማል። ሩጫ እንዳይሆንም ወደ ፊት ሲሄዱ እግርን ማሳለፍ ተከልክሏል። ሳብር ፈጥኖ ለሚወስን ልጅ ደስ ይለዋል፤ ለሚያመነታ ግን ምሕረት የለውም።

ከእነዚህ የትኛው ይሻላል ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ከልጁ ጠባይ ይገኛል። ሥርዐትንና ክርክርን የሚወድ፣ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ፎይልን ይወዳል፤ ብዙ አሠልጣኞችም ስለ ቅለቱና ስለ ሥርዐቱ ከጥንት ጀምሮ ጀማሪን በፎይል ያስጀምሩ ነበር። ዝምተኛና ታጋሽ የሆነ፣ ወይም ቁመቱና ክንዱ ረዥም የሆነ ልጅ በኤፔ ይጠቀማል። በዳኛ ፍርድ የሚቸገርም ኤፔን ይምረጥ፤ በዚያ የሚፈርደው አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ነው። በሩጫና በፍጥነት የሚደሰት ልጅ ደግሞ በሳብር ደስታውን ያገኛል። ልጃችሁ ግራኝ ቢሆን አትዘኑ፤ ብዙ ተጋጣሚ የለመደው ከቀኝ እጅ ጋር መግጠምን ስለ ሆነ፣ ግራኝነት በዚህ ጨዋታ እንደ ጸጋ ይቈጠራል።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ምርጫ እስከ መጨረሻ የሚያስር ቃል ኪዳን አይደለም። የአሜሪካዊቷ ኢብቲሃጅ ሙሐመድ ታሪክ ይህን ያስረዳል። እናቷ በመኪና ሲያልፉ የሰይፍ ተጋጣሚዎችን በትምህርት ቤት መስኮት አዩ፤ ልብሳቸው ከአንገት እስከ እግር የሚሸፍን ስለ ነበረም ለሃይማኖታቸው ሥርዐት የሚስማማ ስፖርት አገኘን ብለው ልጃቸውን አስገቧት። ልጅቱ በኤፔ ጀመረች፤ በኋላ አሠልጣኝዋ ጠባይዋን አይቶ ወደ ሳብር አሻገራት። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ከአገሯ የሳብር ቡድን ጋር የነሐስ ሜዳልያ ተቀበለች። ያ መሻገር ባይኖር ኖሮ ምናልባት ስሟ ባልተሰማ ነበር። ስለዚህ ልጁ «መሣሪያውን ልለውጥ» ቢል እንደ ወላዋይነት አትቍጠሩት፤ አሠልጣኙን ጠይቁ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በኒው ዮርክ ከተማ ያደጉት ኪትና ኤሪን ስማርት ወንድምና እኅት ናቸው። ወንድሙ ሳብርን፣ እኅቱ ፎይልን መረጡ፤ በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክም ሁለቱ በየቡድናቸው የብር ሜዳልያ ተቀበሉ። ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች ሁሉ አንድ መሣሪያ ይያዙ ማለት የወላጅን ወጪ ይቀንስ ይሆናል፤ ልጆቹን ግን አንድ አያደርጋቸውም።

ሁለቱን ያሠለጠነው የፒተር ዌስትብሩክ ተቋም ነበር። ዌስትብሩክ በኒው ጀርሲ በኒዋርክ ከተማ በድህነት ያደገ፣ ጃፓናዊት እናቱ ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ ነበር። እናቱ ከመንገድ ላይ ጠብ እንዲርቅ ብለው፣ ሰይፍ ለመማር ቢሄድ አምስት ዶላር እንደሚሰጡት ነገሩት። ልጁ ስለ ገንዘቡ ሄደ፤ ስለ ጨዋታውም ቀረ። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በሳብር የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። በ1991 ለድሀ ሰፈር ልጆች ትምህርት የሚሰጥ ተቋም መሠረተ፤ በ2024 እስካረፈበት ጊዜ ድረስም ከዚያ ብዙ ወጣቶች ወጡ። የአንዲት እናት አምስት ዶላር ለስንት ቤት እንደ ተረፈ አስተውሉ።

ለአፍሪካም በሩ ክፍት ነው። በ2012 በለንደን ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም በፎይል የብር ሜዳልያ አግኝቶ ከአፍሪካውያን በዚህ ጨዋታ ለኦሊምፒክ ሜዳልያ የበቃ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2016 የቱኒዝያዋ ኢነስ ቡብክሪ በፎይል፣ በ2024 ደግሞ ግብፃዊው ሙሐመድ ኤልሰይድ በኤፔ የነሐስ ሜዳልያ ተቀብለዋል።

አሁን ለቤተ ሰቡ የሚጠቅመውን በአጭሩ እንናገር። ከሁሉ አስቀድሞ በአቅራቢያችሁ ያለው ማኅበር የትኛውን ሰይፍ እንደሚያስተምር ጠይቁ፤ ብዙ ማኅበር አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ያስተምራልና። በአጠገብ ያለ ጥሩ የኤፔ አሠልጣኝ፣ ሩቅ ካለ የፎይል አሠልጣኝ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ አንድ ልምምድና አንድ ውድድር ተመልከቱ። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዕቃ አትግዙ፤ ብዙ ማኅበራት ለጀማሪ ያውሳሉ። ለመግዛት ጊዜው ሲደርስ ኤፔ ወጪው ዝቅ ይላል፤ በፎይልና በሳብር ነጥብ የሚቈጠርበትን ስፍራ የሚያመለክት፣ ከብረት ክር የተሠራ ተጨማሪ ልብስ ያስፈልጋልና። ለሕፃናት አጠር ያለ ብረት ያለው ሰይፍ ስላለ፣ ትልቁን ሰይፍ ለትንሽ እጅ አታሸክሙ።

አራተኛ፣ የውድድሩን ቀን አስቀድማችሁ እወቁ። ብዙ ውድድር ቅዳሜና እሑድ ይደረጋል፤ እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ቤተ ሰብ ይህን ከአሠልጣኙ ጋር በመጀመሪያው ቀን ቢነጋገርበት፣ ልጁ በኋላ በሁለት ነገር መካከል ተይዞ አያለቅስም። አምስተኛ፣ ልጁ ብዙ ወራት ሰይፍ ከመግጠም ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መራመድን ቢማር አታጕረምርሙ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ቤት ከመግባት በፊት ፊደልና ንባብ እንደሚቀድም፣ በዚህም ጨዋታ እርምጃ ፊደሉ ነው።

በመጨረሻም ይህ ጨዋታ ለልጅ የሚሰጠውን ጠባይ እንመልከት። ማንም ግጥሚያውን ሳይጀምር በሰይፉ ባላጋራውን፣ ዳኛውንና ተመልካቹን ሰላም ይላል፤ ይህን የሚንቅ ይቀጣል። የኤሌክትሪክ መብራት ሳይመጣ በፊት ደግሞ የተነካ ሰው ራሱ «ተነክቻለሁ» ብሎ መመስከር የጨዋ ልማድ ነበር። ዛሬ መብራቱ ስለሚመሰክር ያ ልማድ የቀነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን በልጁ ልብ ውስጥ የሚበራ መብራት ከመሣሪያው መብራት አስቀድሞ እንዲመጣ ማስተማር የአሠልጣኙ ብቻ ሥራ አይደለም። ልጃችሁ ከውድድር ሲመለስ «አሸነፍክ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ባላጋራህን ሰላም አልከው ወይ?» በሉት። ተሸንፎ ቢመጣም እራቱን እንደ ሌላው ቀን አብልታችሁ፣ ጭንብሉን አድርቃችሁ፣ ለሚቀጥለው ልምምድ አዘጋጁት።