ሸራ ከመወጠሩ በፊት

ፎቅ በሚሠራበት ስፍራ በርብራቡ ላይ ሸራ መወጠር መልካም ልማድ ነው፤ የሚወድቀውን ድንጋይና ምስማር ከመንገደኛ ራስ ይከላከላልና። ነገር ግን ርብራቡ ሳይጠና የተወጠረ ሸራ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

ምክንያቱን በፊዚክስ ትምህርታችን እናገኘዋለን። ነፋስ በባዶ ርብራብ መካከል ያልፋል፤ ሸራ ሲያገኝ ግን ነፍቶ ይገፋዋል። እንደ አቀስታችን ባለ ደጋ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ20 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ የ2 ኩንታል ያህል ግፊት ያሳርፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ 4 እጥፍ፣ ማለት 8 ኩንታል ይሆናል።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሕዝብ የወጣበት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሰው ብዛት የሚታይ ሸክም ነው፤ ነፋስ ግን የማይታይ ሸክም ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ርብራቡ ከሕንፃው ጋር በብዙ ስፍራ ይታሰር። ከድፍን ሸራ ይልቅ ነፋስ የሚያሳልፍ መረብ ይመረጥ፤ ጠርዙም በየቀዳዳው ይታሰር። አሳሪው የደኅንነት ቀበቶ ይታጠቅ፤ ነፋስ ሲበረታ ሥራው ይቁም፤ ከነፋስና ከዝናብ በኋላም ባለሙያ ይመርምረው።

ይህ ሁሉ ወጪ ነው የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪ ግዴታ አድርጎታል። በክረምት ዕረፍት በቀን ሥራ የደብተራቸውን ዋጋ የሚያገኙ ጓደኞቻችንም በዚያ ርብራብ ላይ ይወጣሉ። እንግዲህ ቤት የምታሠሩ ወላጆቻችን ሆይ፣ ስለ ሸራው ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ማሰሪያው ጠይቁ።