የፍሬንህን ክዳን ራስህ ክፈት

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከመሀላችን አንዱ ወልድያ ላይ ከአንዲት እናት ጋር ባጃጅ ተሳፈረ። ወልድያ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ቁልቁለቱ ላይ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሞ ረገጠ። ምንም! «እማማ ያዙ!» ብሎ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ባጃጇን ከመንገዱ ዳር ካለ የድንጋይ ግንብ ጋር አላተማት። እናታችን ጉልበታቸው ተላጠ፤ የኛው ልጅ ደግሞ እስከ ማታ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ሹፌሩ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከሦስት ቀን በፊት ባለሙያ አይቶታል እኮ!»

አይቶታል፣ እውነት ነው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ረዳት ልጅ «ዘይት ጎድሎታል» ብሎ አጠገቡ ያገኘውን የሞተር ዘይት ጨምሮበታል። ሹፌሩም ቆሞ አይቷል፤ ግን ምን እንደሚያይ አላወቀም።

እኛ ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል ባዮች ነን። «የፍሬን ዘይት» እንለዋለን እንጂ ዘይት አይደለም። ባጃጅ ላይ የሚገባው፣ ጠርሙሱ ላይ ዶት 3 የሚል የተጻፈበት ፈሳሽ፣ ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋል። መጀመሪያ ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ይላል፣ ይግላል፤ ከዚያ ጎሚኒው መያዝ ያቅተዋል፤ ከዚያ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ትክክለኛው ፈሳሽም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት ይስባል። አዲሱ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 140 ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ወር የከረመ ጠርሙስ ከመደርደሪያ አንስቶ መሙላት እንግዲህ ይሄ ነው ትርጉሙ።

ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የወልድያና የመርሳ ወዳጆቻችን ግን ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከሩናል፦ «ፍሬን ቀልድ አይደለም፤ ለባለሙያ ተዉት!» የትኛው ባለሙያ? አብዛኛው መካኒካችን የተማረው ጌታው ሲፈታ እያየ ነው። ነውር የለውም፣ ጎበዞቹም የወጡት ከዚያው ነው። ታዲያ ልጁ አይቶ መማር ከቻለ፣ ቀኑን ሙሉ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ የሚውለው ሹፌር ምን ያንሰዋል? ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ ቀድሞ የሚሰማው እሱ አይደለም? ደግሞስ ወልድያ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ አይታዋለች። ባለሙያውም መለዋወጫውም ሁልጊዜ ጎረቤት አይገኝም።

ክርክሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። ባሕር ጠላቂዎች ከጀርባቸው ከተሸከሙት ጋን አየር የሚስቡበት ሬጉሌተር የሚባል ዕቃ አላቸው፤ በ200 ባር የታመቀውን አየር ሳንባ ወደሚችለው ግፊት ያወርድላቸዋል። እሱም ውስጥ ጎሚኒ አለ፣ እሱም በየጊዜው ይቀየራል። ብዙ አምራቾች መለዋወጫውን ለራሳቸው ባለሙያ ካልሆነ አንሸጥም ይላሉ፤ ጠላቂዎቹ ደግሞ «የምንተነፍስበት እኛ ነን» ይላሉ። (እዚህ ወሎ ሐይቅ ላይ ጠላቂ እስኪመጣ እኛ ከባጃጅ ጋር እንቀጥል።) ልባችን ከጠላቂዎቹ ጋር ነው።

ግን አንድ ልዩነት አለ፤ እዚህ ላይ «የራሴ ንብረት ነው፣ እንዳሻኝ እፈታዋለሁ» ከሚሉት ሹፌሮችም ጋር እንጣላለን። ጠላቂው ቢሳሳት የሚሰምጠው ራሱ ነው። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። እማማ ማን ጎሚኒውን እንደቀየረው አልተጠየቁም፤ የከፈሉት ለመድረስ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ይፍታ፣ ይወቅ፣ ግን ፍሬን በነካ ቀን ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት ሌላ ሹፌር ጠርቶ ሜዳ ላይ ባዶዋን ያስረግጣት። አሥር ደቂቃ ነው! ለቦሎ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ምርመራ ዛሬ ጠዋት የተፈታውን ፍሬን አያየውም።

ለጋራዦችም አንድ ነገር እንበል። ሹፌሩ «ምንድነው የምትጨምርበት?» ሲል መቆጣት ይቅር። ጠርሙሱን አዙራችሁ አሳዩት፣ ክዳኑን እሱ ይክፈተው።

ያ ሹፌር ዛሬ ያልተከፈተ ዶት 3 ከመቀመጫው ሥር ይዞ ነው የሚዞረው። ባለፈው ስንሳፈር አውጥቶ አሳየን። እማማን ግን እስካሁን ድጋሚ አልጫናቸውም፤ ሲያዩት በእግራቸው ይሄዳሉ አለን።