ሹካውስ የት አለ?

ዩኒቨርሲቲ በማስተምርበት ዘመን፣ ስላቅ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁልጊዜ ይዤያት የምገባ አንዲት የፎቶ ኮፒ ሥዕል ነበረችኝ። እንግሊዛዊው የካርቱን ሠዓሊ ጄምስ ጊልሬይ በዲሴምበር 30 ቀን 1792 እ.ኤ.አ. ያወጣት ናት። ኤድመንድ በርክ የተባለው ተናጋሪ ፓርላማ መሐል ቆሞ ጩቤ ሲወረውር ታሳያለች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒት ደንግጧል፤ ተቃዋሚዎቹ ፎክስና ሼሪዳንም ደንግጠዋል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቃለሁ። ጥሩ ሥዕል ናት፤ እሱን አልክድም።

ነገሩ የሆነው ሥዕሉ ከመውጣቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። በርክ፣ በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ 3,000 ጩቤ ታዟል ብሎ እያስጠነቀቀ ሳለ፣ አንዱን ከኮቱ ሥር መዘዘና ወለሉ ላይ ወረወረው። ሼሪዳን «ሹካውስ የት አለ?» ብሎ ቀለደ ይባላል። ያኔም ተሳቀ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም እኛ ሳቅን።

አንድ ቀን ታዲያ ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ የሚከራከሩት ስለ ምን ነበር?» አለችኝ። «ፖለቲከኛ ለመጮህ ደግሞ ምን ጉዳይ ያስፈልገዋል?» ብዬ አሳቅሁባት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የሚከራከሩት ስለ ውጭ ሰዎች ነበር። የፈረንሳይ አብዮት ያሰደደውን ጨምሮ፣ ወደ እንግሊዝ የሚገባውን ባዕድ ሁሉ የሚመዘግብ፣ መንግሥት ሲያሻው የሚያባርር ሕግ ቀርቦ ነው። ሕጉ ብዙም ሳይቆይ በጃንዋሪ 1793 ጸደቀ። ጩቤውን የሚያስታውስ ሞልቷል፤ ሕጉን የሚያስታውስ ስንት ነው? ጩቤው ከመወርወሩ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ቶማስ ፔይን «የሰው መብት» በተባለው መጽሐፉ ምክንያት በሌለበት ተፈርዶበታል። ልብ በሉልኝ። ወንበር ያለው ጩቤ ቢወረውር ይሳቅበታል፤ ወንበር የሌለው በወረቀት ቢከራከር ይፈረድበታል።

የኔ ጠብ ከካርቱኑ ጋር አይደለም። ጠቤ ከካርቱኑ ሥር ተደላድሎ «ሁሉም ዕብድ ነው» ከሚለው ጨዋ ተመልካች ጋር ነው። እኛ ሀገር እንዲያውም መፈክር ሰጥተነዋል፦ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ»። ማኪያቶውን እያማሰለ በሁለቱም ወገን እኩል ይስቃል፤ እኩል በመሳቁ ሚዛናዊ የሆነ ይመስለዋል። እስቲ ከሁለቱ የቱ ልክ ነው ብላችሁ ጠይቁት። «ኧረ ተወኝ በናትህ!» ነው መልሱ። ይሄ እኮ ስንፍና ነው፤ ያውም ክራባት ያሰረ ስንፍና።

ጊልሬይ ራሱ እንኳ ከሜዳው ውጭ አልቆመም። ከ1797 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከመንግሥት በድብቅ አበል ይቆረጥለት ነበር። የኛ ሰው ግን በነፃ ነው የሚስቀው።

«ጩኸቱና ግለቱስ አያሳስብህም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አያሳስበኝም! በርክና ፎክስ የረጅም ዘመን ወዳጆች ነበሩ። በሜይ 1791 እዚያው ምክር ቤት ውስጥ በፈረንሳይ አብዮት ነገር ሲሟገቱ፣ በርክ ወዳጅነታችን አብቅቷል አለ። ፎክስ ሊመልስ ተነሣ፤ ዕንባው ቀደመው። በ1797 በርክ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ፎክስ ልየው ቢል፣ በርክ እምቢ አለ። እኔ ስንት ዓመት «የፎክስን ድንጋጤ እዩልኝ» እያልኩ ተማሪ ያሳቅሁበት ሰው፣ ጩቤ በወረወረው ሰው ፊት ያለቀሰ ሰው ነው። ከበደ ዋጋ ነው የከፈሉት፤ ከመጠን ያለፈም ይመስለኛል። ሆኖም አንድ ሕዝብ ንጉሡን ጥሎ ሀገሩን እንደ አዲስ ሊሠራ ይችላል ወይ በሚል ጥያቄ ነው የከፈሉት። የተጣሉበትን ያውቁታል።

ሥዕሏ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ጀርባዋ ላይ ሕጉ ምን እንደሚልና የወጣበትን ዓመት በእርሳስ ጽፌበታለሁ። ያቺን ተማሪ መንገድ ላይ ባገኛት ብዬ ነው።