ነዳጅ መኪና መግባት ቆሟል፤ ያለችውን አሮጌ መኪና ማን ያቆያታል? የካንዴላ ነገር

ሰሞኑን ስለ መኪና ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለሚገባው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ስንት ገባ፣ ቻርጅ ማድረጊያ የት ተተከለ፣ ቀረጡ ስንት ነው እንባባላለን። ቀድሞ ስለገባውና አሁንም መንገዱን ስለሞላው ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዲኤክስ ግን ብዙም የሚያወራ የለም።

እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው እንየው።

በየካቲት 2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። መኪናዋ ባረጀች ቁጥር ታክሱም ይከብዳል። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ስድስት ወር ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው።

ሦስቱን ደምሩት። አሮጌ መኪና ያለው ሰው አሮጌውን ሸጦ ሻል ያለ ነዳጅ መኪና የመግዛት ዕድሉ ጠቧል፤ የኤሌክትሪኩ ዋጋ ደግሞ ለብዙዎቻችን ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ ያለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች፣ መሥራትም አለባት። ማን፣ በምን ዕቃ፣ በምን ዕውቀት ያቆያታል የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

ይህን ጥያቄ ጣት በምታክል አንዲት ዕቃ በኩል እናየዋለን፦ ካንዴላ።

■ ለምን ካንዴላ?

ቤንዚን በሚጠቀም ሞተር ውስጥ አየርና ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ከካንዴላ ነው የሚወጣው። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ብዙውን ጊዜ አራት አላት። (ዲዝል መኪና ካንዴላ አያስፈልጋትም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው አየሩ ታምቆ ሲግል ነው።)

ካንዴላ ሲደክም መኪና ወዲያው አትቆምም። ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች፣ ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ነዳጅ ትበላለች። ባለቤቱም «አርጅታለች እኮ» ብሎ ይለምደዋል። ችግሩ እዚህ ጋር ነው፤ ስለተለመደ ወጪው አይታይም።

ወጪውን በቁጥር እናስቀምጠው። ቤንዚን በመስከረም 2017 ዓ.ም መጨረሻ በአዲስ አበባ በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ 100 ብርን አለፈ። አንድ የራይድ ሹፌር በቀን 10 ሊትር ያቃጥላል እንበል። ለሒሳቡ እንዲቀለን ሊትሩን በ100 ብር ብንይዘው በቀን 1,000 ብር ነው። በደከመ ካንዴላ ምክንያት ከዚህ 5 በመቶው በከንቱ ቢወጣ በቀን 50 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 1,300 ብር ይሆናል። ይህ ምሳሌ ነው፤ የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ አስሉት።

■ ዋጋው ለምን ናረ?

ካንዴላ እዚህ አገር አይመረትም፣ በዶላር ነው የሚገባው። ብር ከመለቀቁ በፊት የባንክ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ውጭ 3 ዶላር የሚገዛ አንድ ካንዴላ በፊት በ171 ብር ሒሳብ ይገባ ከነበረ በ120 ሲሰላ 360 ብር ይሆናል ማለት ነው፤ ያውም ቀረጥ፣ ትራንስፖርትና ትርፍ ሳይጨመርበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ብዙ አስመጪዎች ከዚያ በፊትም ዶላር በባንክ ዋጋ አያገኙም ነበር፤ ከጥቁር ገበያ የሚገዛው አስመጪ ዋጋውን ቀድሞ ጨምሮታል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የታየውን ጭማሪ ሁሉ በሐምሌ 22 ላይ መጫን ልክ አይሆንም። የገዢው አቅም ግን በዚያው ልክ አላደገም። አቅምና ዋጋ ሲራራቁ ደግሞ መሀል ላይ የሚገባ ነገር አለ፦ ፎርጅድ።

■ «ኦሪጅናል ነው፣ እመነኝ»

መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። እውነቱን ለመናገር ሶማሌ ተራ ባይኖር የብዙዎቻችን መኪና ዛሬ ቆሞ ነበር፤ ሌላ ቦታ የጠፋ ዕቃ እዚያ ይገኛል። ግን ካንዴላ በዓለም ዙሪያ በብዛት ከሚጭበረበሩ መለዋወጫዎች አንዱ ነው። እንደ ኤንጂኬና ዴንሶ ያሉ የታወቁ የጃፓን ብራንዶች ደግሞ ዋነኛ ኢላማ ናቸው። ከዚህ ሌላ ያገለገለ ካንዴላ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ታጥቦ፣ እንደ አዲስ የሚሸጥበት ጊዜም አለ።

ስትገዙ እነዚህን እዩ፦

👉 ነጩ ሸክላ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለ መሆን አለበት። የተዛነፈ ወይም በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ ተጠራጠሩ።

👉 ጥርሱ ላይ ያለችው ቀለበት (ጓርኒሲዮኗ) ኦሪጅናሉ ላይ ትዞራለች እንጂ በቀላሉ ተንሸራታ አትወጣም። እጃችሁ ላይ ከወደቀች ጥያቄ አንሱ።

👉 የመሀሏ ጫፍና ከላይ የታጠፈችው ብረት ልክ ፊት ለፊት መሆን አለባቸው። ወደ ጎን ያጋደለ አትውሰዱ።

👉 ጥርሱ ላይ የቁልፍ ጭረት ወይም ጥቀርሻ ካለ ዕቃው ከዚህ በፊት ታስሯል ማለት ነው።

👉 ቴስተር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ከላይኛው ጫፍ እስከ መሀሏ ጫፍ ለኩ። ሬዚስተር ያለው ካንዴላ ብዙውን ጊዜ ወደ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። ዜሮ ወይም ጭራሽ ምንም ካላሳየ ችግር አለ።

👉 «ኢሪዲየም ነው» ተብሎ በተራው ካንዴላ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ጫፉን እዩ። የእውነተኛው ኢሪዲየም ጫፍ እንደ መርፌ ቀጭን ነው፣ 0.4 ወይም 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ወፍራም ከሆነ ስሙ ብቻ ነው ኢሪዲየም።

■ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር

«ለቪትዝ ስጠኝ» ብሎ መግዛት አይበቃም። በቪትዝ ስም ብቻ የተለያየ ሞተር ያላቸው መኪኖች አሉ። ብዙዎቹ አገልግለው የገቡ ስለሆኑ ማኑዋል የላቸውም፤ ካላቸውም በጃፓንኛ ነው። ስለዚህ የሞተሩን ዓይነት ከሻንሲው ላይ ካለው ጽሑፍ አንብቡ፣ የወጣውን ካንዴላ ቁጥርም ፎቶ አንሱ። ግን የወጣው ራሱ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል፤ በሞተሩ ስም በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉና አመሳክሩት። ስልካችሁ እዚህ ላይ ከማንም መካኒክ ይበልጣል።

ከቁጥሮቹ አንዱ የሙቀት ቁጥር ነው። ካንዴላዋ ሙቀቷን በምን ፍጥነት ለሞተሩ አካል እንደምታስተላልፍ ይናገራል። ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላዋ «ቀዝቃዛ» ናት፤ ቦሽ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። የኤንጂኬ 6፣ የዴንሶ 20 እና የቦሽ 7 በግምት እኩል ናቸው። «ኤንጂኬ 6 አልነበር? ያው ቦሽ 6 ውሰድ» የሚላችሁ ሻጭ ሌላ ዕቃ ነው የሚሰጣችሁ።

ሁለተኛው የጫፉ ክፍተት ነው። በኮዱ መጨረሻ 11 ካለ 1.1 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ጠበብ ያለ፣ ወደ 0.8 የሚጠጋ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው የጥርሱ ርዝመት ነው። የረዘመ ካንዴላ ከፒስተን ጋር ሊጋጭ ይችላል። እዚህ ላይ «ያው ነው» የለም።

ኢሪዲየም ይሻላል ወይስ ተራው? ተራው እንደ ዓይነቱ ከ30 እስከ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ኢሪዲየሙ እስከ 100 ሺህ ሊደርስ ይችላል። መኪናዋ ስትሠራ በተራው የተሠራች ከሆነ፣ ከታመነ ሱቅ የተገዛ እውነተኛ ተራ ካንዴላ ከአጠራጣሪ ኢሪዲየም መቶ እጥፍ ይሻላል። ከፋብሪካ ኢሪዲየም ይዛ ለመጣች መኪና ግን ያንኑ መመለስ ነው የሚያዋጣው።

■ ቤት ውስጥ መቀየር

ይቻላል፤ በተለይ ካንዴላዎቹ ከላይ በሚታዩባቸው ሞተሮች። የሚያስፈልገው የካንዴላ ቁልፍ (16 ወይም 21 ሚሊ ሜትር) እና ትዕግሥት ነው።

1. ሞተሩ ይቀዝቅዝ። በጋለ የአልሙኒየም ቴስታታ ላይ መፍታት ጥርሱን ይበላዋል።
2. ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አቧራ ንፉ። ያ አቧራ ሲሊንደር ውስጥ መግባት የለበትም።
3. አንድ በአንድ ቀይሩ። አራቱንም ገመድ አንዴ ነቅሎ ተራውን ማምታታት የተለመደ ጣጣ ነው።
4. አዲሱን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ። በእጅ ካልዞረ ተጣምሟል፤ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። በቁልፍ አታስገድዱት።
5. ቀለበቷ ስትነካ አዲስ ካንዴላ ከግማሽ ዙር እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ትጠብቃለች። ቀለበት የሌላት፣ መቀመጫዋ ሾጠጥ ያለው ዓይነት ግን በጣም ትንሽ ብቻ፣ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር። ጉልበት ማሳያ አይደለም፤ ጥርሱ ከተበላ ወጪው የካንዴላ ሳይሆን የቴስታታ ይሆናል።

ኢሪዲየምን በብርጭቆ ወረቀትም በሽቦ ብሩሽም አትፈግፍጉ። ቀጭኑ ጫፍ ይጎዳል።

■ የወጣው ካንዴላ ምን ይላል?

የወጡትን ከነተራቸው ደርድራችሁ እዩዋቸው። ነፃ ምርመራ ነው።

ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ፦ ሞተሩ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ፦ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ የአየር ፊልትሮውን እዩ። በዘይት የራሰ፦ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ አርጅቷል። ዘይቱ ከላይ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ነው፤ እሱ ርካሽ ነው። የነጣና የተቃጠለ፦ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው፣ ሳትዘገዩ መካኒክ አሳዩ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ያላት ዲኤክስ እዚህ ነዳጅ ታበዛለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ካንዴላ መለዋወጥ ብቻውን ዋጋ የለውም። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ይህን በሴንሰር ራሳቸው ያስተካክላሉ።

አንድ ሲሊንደር የማይሠራ መኪና እየነዱ መቆየትም ቀልድ አይደለም። ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ማርሚታ ሄዶ ካታሊስቱን ያቃጥላል።

■ ታዲያ የማን ሥራ ነው?

እስካሁን ያልነው የባለቤቱን ድርሻ ነው። ግን ሁሉን ነገር ባለቤቱ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለንም። አንድ ሹፌር ሱቅ ውስጥ ቆሞ የፋብሪካ ጽሑፍ እንዲመረምር የተገደደው ከእሱ በፊት ሊመረምሩ የሚገባቸው ስላልመረመሩ ነው።

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 813/2006) ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ሻጩንም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። መለዋወጫ ገበያ ላይ ግን ያለ ደረሰኝ መሸጥ የተለመደ ነው። ደረሰኝ ከሌለ ፎርጅድ የገዛ ሰው በምን ይከሳል? ስለዚህ ገንዘብ ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ የአየር ብክለቱም የነዳጅ ወጪውም ምክንያት አለው። ግን ያረጀና በደንብ ያልተያዘ ሞተር ከሁሉም በላይ ነዳጅ ያባክናል፣ ከሁሉም በላይ ያጨሳል። ዓላማው ነዳጅና አየር ማዳን ከሆነ፣ እውነተኛ ካንዴላና ፊልትሮ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገባ፣ ፎርጅዱም ጉምሩክ ላይ እንዲያዝ ማድረግ የዚያው ፖሊሲ አካል መሆን ነበረበት። በየዓመቱ ለቦሎ የምንሰለፍበት ምርመራም ባለቤቱ ሞተሩ ምን እንደጎደለው አውቆ የሚወጣበት ቢሆን ለሁላችንም ይጠቅማል።

እናንተስ? የመጨረሻውን ካንዴላ ከየት ገዛችሁ፣ ስንት ኪሎ ሜትርስ ሄደላችሁ? ከሥር ጻፉልን። መኪና እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወዳጅ ካላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።