የዋና ክለቡ መርሐ ግብርና የአበሻ ቀጠሮ

ይህን ገጽ በትዕግሥት የምትከታተሉ አንባቢያን እንደምታውቁት፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ፓርቲዎቻችን መከፋፈል እንጂ ስለ ስፖርት የመጻፍ ልማድ የለውም። ዛሬ ግን ስለ ልጆች ዋና ልጽፍ ነው። «ሀገር እንዲህ ባለችበት ሰዓት ይህን ሰው ምን ነካው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቅሬታው ይገባኛል፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይፍረደኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፣ በሜሪላንድ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሰፈሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ባለፈው ዓመት በሰፈራችን የወጣቶች ዋና ክለብ ተመዘገበች። በሜይ ወር መጨረሻ ከክለቡ አንድ ገጽ መርሐ ግብር ደረሰን፤ ባለቤቴም የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በጁን አጋማሽ ትምህርት ሲያበቃ ወደ ጠዋት ይዞራል። ረቡዕ ማታ ለዋናው ቡድን ያልተመረጡት ልጆች ይወዳደራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ክለብ ጋር ግጥሚያ ይደረጋል። በመካከሉ የቅብብል ውድድር ቀን አለ። በጁላይ መጨረሻ የየምድቡ ማጠቃለያ ይካሄድና ወቅቱ ይዘጋል። ልጆቹ በዕድሜ ይከፈላሉ፦ 8 እና ከዚያ በታች፣ 9–10፣ 11–12፣ 13–14፣ 15–18። የሚዋኙት በነፃ ዋና፣ በጀርባ፣ በደረትና በቢራቢሮ ነው።

ይህ ሁሉ የአንድ ክለብ ፈጠራ አይደለም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የዋና ሊግ ከ1958 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ዛሬ ወደ 90 የሚጠጉ ክለቦች በሥሩ ይወዳደራሉ። በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ ገና በ15 ዓመቷ በ800 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ኬቲ ሌዴኪም በልጅነቷ ዋናን የጀመረችው በዚሁ ካውንቲ፣ ከዚህ በማይለይ የሰፈር ገንዳ ነው። ይሁን እንጂ እኔን የገረመኝ ሻምፒዮን መውጣቱ አልነበረም። የገረመኝ ከመርሐ ግብሩ ግርጌ ያለው ሰንጠረዥ ነው።

በዚያ ሰንጠረዥ ላይ የልጆቹ ስም የለም፤ የወላጆች ነው። ሰዓት ያዥ፣ የአዋዋን ዳኛ፣ ልጆችን በተራቸው የሚያሰልፍ፣ ውጤት የሚደምር፣ ጠረጴዛ የሚዘረጋ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየትኛው ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ደመወዝ የለም፤ አበል የለም። የአዋቂዎቹ ሥራ ከጎደለ ግን የልጆቹ ውድድር አይኖርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረታችን እንደ ሰንጠረዥ ሲሠመር ይህን ይመስላል።

እኔ ስሜን የጻፍኩት ከሰዓት ያዦች ተርታ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ሦስት ሰዎች ሰዓት ይዘው ይቆማሉ። ሁለቱ ሰዓቶች ከተስማሙ የሁለቱ ይመዘገባል፤ ሦስቱም ከተለያዩ የመካከለኛው ይወሰዳል። ከሦስቱ አንዱ የገዛ ልጁ በምትዋኝበት መስመር ላይ የቆመ አባት ሊሆን ይችላል። ሥርዓቱ አባትየው ቅን ነው ብሎ አልተማመነበትም፤ አጭበርባሪ ነው ብሎም አላዋረደውም። ከጎኑ ሁለት ሰዎች አቆመለት እንጂ። ስለ ተቋም ምንነት ተማሪዎቼን ዓመታት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ባጭሩ አስረድቼ ግን አላውቅም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በሁለተኛው ቅዳሜ ተራዬ ነበር፤ ግጥሚያው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል። በዚያው ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የወገኖቻችን ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም የመክፈቻ ንግግር እንዳደርግ ተጋበዝኩ። አጀንዳው «የተቋማት ግንባታ በሀገራችን» የሚል ነበር። ተናግሬ በሦስት ሰዓት ገንዳው ዘንድ እደርሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ስብሰባው የተጀመረው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ የዘገየንበትን ምክንያት የጠየቀም፣ ይቅርታ የጠየቀም አልነበረም። ስለ ተቋም ግንባታ ተናግሬ፣ ተጨብጭቦልኝ ወጣሁ።

ገንዳው ዘንድ ስደርስ የደረት ዋናው አልቆ የቢራቢሮው ሊጀመር ነበር። ልጄ ፎጣዋን ተከናንባ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። «አባዬ፣ በእኔ መስመር ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ያየችውን ነው የነገረችኝ። ሰዓቶቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ የሁለቱ አማካይ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ውጤቷ አልጠፋም። የጎደለው ሦስተኛ ምስክር ግን የገዛ አባቷ ነበር። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ከወጡ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ ግን ዛሬም በየቅዳሜው የሚመጡ አንድ አዛውንት ትርፉን ሰዓት አነሡና በእጄ ላይ አኖሩት፤ «ቀጣዮቹ ሊገቡ ነው» ብቻ አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ «የአበሻ ቀጠሮ» እያልን እንስቃለን። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ስብሰባ ላይ እንስቃለን። ግን የአበሻ ቀጠሮ ምንድን ነው? የሌላው ሰው ጊዜ የእኔ ነው የሚል እምነት ነው። በሥልጣን ላይ ሲቀመጥ የምርጫ ቀን ያራዝማል፤ በተቃዋሚነት ሲቆም ጉባኤ ሳይጠራ አሥር ዓመት ሊቀመንበር ይሆናል፤ በአባትነት ሲገለጥ ደግሞ የልጁን ውድድር በሁለት ሰዓት ያስለካል። ሥር የሰደደ ጠባያችን ነው ብለን ልናልፈው እንዳንችል የሚያደርገን አንድ ነገር አለ፦ በሥራ ቦታችን ቀጠሮ እናከብራለን። ደመወዝ ያለበትን ሰዓት እናውቃለን፤ የማናውቀው በፈቃዳችን የገባንበትን ነው።

«ይህ የፈረንጆች የድሎት ጨዋታ ነው፤ ከእኛ ምን አገናኘው?» ለሚል ሰው ደግሞ የሰፈሬን ታሪክ ልንገረው። በ1958፣ ሊጉ በጀመረበት ዓመት፣ በዚሁ በሲልቨር ስፕሪንግ ዊተን ሄቨን የተባለ የመዋኛ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። አባልነቱ እስከ 325 ለሚደርሱ ቤተሰቦች፣ በዋነኛነትም ከገንዳው በሦስት አራተኛ ማይል ዙሪያ ለሚኖሩ ነበር። በ1968 ዶክተር ሃሪ ፕሬስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ከባለቤታቸው ጋር በዚያው ክልል ቤት ገዙና የአባልነት ማመልከቻ ጠየቁ፤ ጥቁር በመሆናቸው ተከለከሉ። በዚያው በጋ ነጭ አባላት አንዲት ጥቁር እንግዳ ይዘው በመምጣታቸው ማኅበሩ ወዲያውኑ ደንብ ለውጦ፣ ከዘመድ በቀር እንግዳ አይገባም አለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1973 ያለ ልዩነት በአንድ ድምፅ፣ ማኅበሩ በእውነቱ የግል ክለብ አለመሆኑንና ድርጊቱ በ1866 የሲቪል መብት ሕግ የተከለከለ መሆኑን ወሰነ።

ዛሬ ልጄ ያለ ከልካይ ወደ ገንዳ የምትገባው ሌሎች ተከራክረው በከፈቱት በር ነው። ይሁንና የተከፈተ በር የሚገባበት ካላገኘ ጥቅሙ ምንድን ነው? የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ1999 እስከ 2019 ያለውን መረጃ ሲመረምር፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ ሰጥመው የሚሞቱበት መጠን ከነጭ እኩዮቻቸው 7.6 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። የክልከላው ዘመን ቢያልፍም፣ መዋኘት ያልተማረ አባት መዋኘት የማይችል ልጅ እያሳደገ ጉዳቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተሻግሯል። በእኛ ክለብ ዳርቻ ያየኋቸው ሐበሾች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ልጆቻችንን ለሒሳብ ማጠናከሪያ በሁለቱም ቀናት እንልካለን፤ ውኃውን ግን «ጉንፋን ያስይዛታል» እንላለን።

እኔም ራሴ መዋኘት አልችልም ነበር። ምክንያቱን ለብዙ ዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከጎጃም ወንዞች በአንዱ ዳርቻ ካለ ምንጭ ውኃ እንድንቀዳ አራት ልጆች ተላክን። ወሩ ሐምሌ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ወንዙ ሞልቷል። አንዱ ጓደኛችን እግሩን ሊታጠብ ወረደና አዳለጠው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎን ስቀናል። ከዚያ ጮኽን፤ ወደ መንደሩም ሮጥን። ሰው ይዘን ስንመለስ ወንዙ ብቻውን ነበር። ሦስታችንም በእጃችን ባዶ ጀሪካን ይዘን ነበር። ክዳኑን ዘግተው ቢወረውሩት ሰው ደግፎ እንደሚያንሳፍፍ ያወቅሁት በአርባዎቹ ዕድሜዬ፣ በሜሪላንድ፣ ለጀማሪ ጎልማሶች በሚሰጥ ትምህርት ላይ ነው።

በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ሲወዳደር በ1፡04.95 ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሆነ። ዓለም ሳቀበት፤ ከዓለም ይልቅ ግን እኛ ሳቅንበት። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆናቸው ያስነሣው የአመራረጥ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ሊጠየቅም ይገባል። ሆኖም የሳቅነው ስለ አመራረጡ አልነበረም፤ ስለ ሰውነቱና ስለ ዘገየበት ነበር። በዚያን ሰሞን እኔም ቀልዱን ለወዳጆቼ ካስተላለፉት አንዱ ነኝ። አንድ ሜትር መዋኘት የማልችል ሰው መቶ ሜትር በዋኘው ላይ ሳቅሁ። ለመሆኑ ከእሱ በፊት በየከተማችን ልጆች ዋና የሚማሩበት ገንዳ፣ በሰንጠረዥ የሰፈረ ወቅት፣ ሰዓት ይዞ የሚቆም ወላጅ ነበረን ወይ?

እዚህ በጋ የሚባለው ጁላይና ኦገስት እኛ ዘንድ ክረምት ነው። ልጆች ከትምህርት ነፃ የሚሆኑበትና ወንዞች የሚሞሉበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2021 የዓለም የመስጠም መከላከያ ቀን ብሎ የሰየመው ጁላይ 25 በእኛ ሐምሌ 18፣ የገብርኤል ዋዜማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች መስጠም ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው።

ድርጅቱ የሚመክረው መፍትሔ ቤተ መንግሥት የሚያስገነባ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን መሠረታዊ ዋና ማስተማር፣ በአካባቢው የሚገኝ ማንም ሰው እንዴት እንደሚታደግ ማሠልጠን ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ለዋና ትቀዘቅዛለች የሚለው እውነት ነው፤ ግን ፍልውኃ፣ ሶደሬና ወንዶ ገነት ከምድር የሚፈልቅ ሙቅ ውኃ አላቸው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ የቆሙት በሐይቅ ዳርቻ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች አሏቸው። የቢራቢሮ ዋና ይቅር፤ አንድ ልጅ በጀርባው ተንሳፎ መቆየት፣ ወደ ዳር መመለስ፣ ጓደኛው ሲሰጥም ተከትሎ ከመዝለል ይልቅ ገመድና ባዶ ጀሪካን መወርወር ቢማር ይበቃል። ይህ በስምንት ሳምንት ያልቃል። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ መርሐ ግብርና ከግርጌው ስሙን ጽፎ በሰዓቱ የሚገኝ ሰው ነው። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

መንግሥት ይህን ማድረግ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ አለበት፤ ካላደረገም ሊጠየቅ ይገባዋል። ግን እኛ በውጭ የምንኖር የተማርን ሰዎች መንግሥት እስኪለወጥ የምናቆየው ነገር በዛ። አንድ የገንዳ ሰንጠረዥ ማክበር ያልቻለ ማኅበረሰብ ሕገ መንግሥት ቢሰጠው ያከብረዋል ብሎ የሚያምን አንባቢ ካለ ያስረዳኝ፤ ለመማር ዝግጁ ነኝ።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ወገኖቼ ያለኝ ልመና ቀላል ነው። በሚመጣው ወቅት ልጆቻችሁን አስመዝግቡ፤ አድርሳችሁም በመኪናችሁ ውስጥ ስልክ አትጎርጉሩ፤ ሰዓት ያዙ። መዋኘት የማትችሉ እናቶችና አባቶች አትፈሩ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፊቴን ውኃ ውስጥ ለመንከር ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ገንዳውን በጀርባዬ አቋርጣለሁ። ለስብሰባ አዘጋጆችም መልእክት አለኝ፦ ቅዳሜ ጠዋት አትጥሩኝ፤ ከጠራችሁኝም አልመጣም። ስሜ ሌላ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፏል።

ቸር ሰንብቱ።