ማድመቂያ አልነበሩም

ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ-ሻታ ለእስራኤል ፖለቲካ ማድመቂያ ከመሆን አላለፉም የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ፓርቲዎች የቤተ እስራኤልን ድምፅ መፈለጋቸው እውነት ነው። የተቀረው ክርክር ግን ውሃ አያነሳም።

እኚህ ሴት በ3 ዓመታቸው በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡ፣ ሕግ ያጠኑ፣ በቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት የሠሩ ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ ሲገቡ፣ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለዚያ ወንበር የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በዚያው ዓመት፣ እዚያው ምክር ቤት ግቢ ውስጥ ደም ልለግስ ቢሉ በትውልዳቸው ምክንያት ተከለከሉ። ማድመቂያ ቢሆኑ ኖሮ አንገታቸውን ደፍተው ባለፉ ነበር፤ እሳቸው ግን ነገሩን አደባባይ አወጡት።

በ2015 ወንበራቸውን አጡ፣ በ2018 ተመለሱ፣ በ2020 የዓሊያ (ወደ እስራኤል የሚደረግ ፍልሰት) እና የውህደት ሚኒስትር ሆኑ። በሚኒስትርነታቸው ዘመን «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻ 2,000 ያህል ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ለመሄድ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ግን አላለቀም። ጸሐፊው መውቀስ ከፈለጉ፣ ይኸውላቸው፤ በዚህ ይጠይቋቸው። ሹመኛ የሚመዘነው በሠራውና ባልሠራው ነው፤ በመልኩ አይደለም።