ለጣና አየር የባሕር ፕሮፔለር

በጣና ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት የሚያመላልሱ ጀልባዎች አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ ኋላቸው ውኃ ውስጥ ሰምጦ፣ ሞተራቸው እያጓራ ነገር ግን ሳይፈጥኑ ሲነሡ፣ ወደቡ ላይ የሚሰጠው ፍርድ «ሞተሩ አንሷል፤ በትልቅ ይቀየር» የሚል ነው። ይህ አባባል ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ ሙያ ምክር መቆጠሩ ያስቆጣል፤ መካሪው ሞተሩ የሚተነፍሰውን አየርም ሆነ የሚያዞረውን ፕሮፔለር ሳይመለከት ባለጀልባውን ለዕዳ ይዳርገዋልና።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ቤንዚን የሚቃጠለው በሚገባው አየር ልክ ስለሆነ፣ አየርን በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ሞተር እዚያ ከ33 ብዙም አይዘልም፤ 60 የተባለውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ቤንዚንና አየርን በሚቀላቅለው ክፍል፣ ማለትም በካርቡሬተር፣ የሚሠራ ሞተር ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ቤንዚንን በኮምፒውተር የሚመጥነው አዲስ ሞተር ደግሞ ከጥላሸቱ ይድናል እንጂ የሌለ አየር አይፈጥርም።

ጉልበት ሲያንስ ግን መላው ሞተር መቀየር ብቻ አይደለም፤ ከቆላማው ሸሕዲ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ደጋው ጭልጋ የሚወጣ ሾፌር ዳገቱ ሲከብደው ማርሽ ይቀንሳል እንጂ ሞተር ይቀየርልኝ አይልም። የጀልባ ሞተር ግን ወደ ፊት የሚሄድበት ማርሽ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ያን ማርሽ የሚያከብደውም የሚያቀለውም ፕሮፔለሩ ነው። ፒች የሚባለው፣ ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን እየጠበቀ ይገባል ቢባል፣ በአንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት የሚጓዘው ርቀት በኢንች ሲለካ ነው። ጀልባ ውኃውን እየገፋ ከመሄድ ተነሥቶ በውኃው ላይ መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ ያለው ጊዜ ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሞተሩ ደግሞ ዙሩ ገና ዝቅተኛ ስለሆነ በዚያው ጊዜ ደካማ ነው፤ ለባሕር ጠለል የተመረጠ ትልቅ ፒች ሲጨመርበት በከባድ ማርሽ ዳገት እንደጀመረ መኪና ታፍኖ ይቀራል። ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተሰጥቶት በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር እንዲደርስ የተሠራ ሞተር 4,600 ላይ ከቆመ፣ ፒቹ 13 ኢንች የሆነው ፕሮፔለር ፒቹ 11 በሆነ ሲተካ በእያንዳንዱ ኢንች ከ150 እስከ 200 ዙር ስለሚያገኝ ወደ ተሠራለት ልክ ይጠጋል፤ አነሣሡም ይፈጥናል።

«ፒች ከተቀነሰ ሞተሩ ከልክ በላይ ዞሮ ይበላሻል» የሚለው ተቃውሞ፣ ዙሩ ከተሠራለት ልክ እስካላለፈ ድረስ፣ እውነትነት የሚኖረው ያው ጀልባ ያንኑ ፕሮፔለር እንደያዘ ወደ ባሕር ጠለል ቢወርድ ነው። ከሸሕዲ የተነሣው መኪና በአንድ ጉዞ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል፤ የጣና ጀልባ ግን ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ ሲኖር፣ ጅቡቲ ላይ ሊገጥመው በሚችል ችግር ማስፈራራት ባለጀልባውን ማሳሳት ነው።

ትልቁ ሞተር ሲገዛ ደግሞ ክብደቱ የሚያርፈው ቀድሞውንም በሚሰምጠው የጀልባው ኋላ ላይ ነው፤ የሚቃጠለው ቤንዚን ይጨምራል፤ ለባሕር ጠለል የተመረጠ ፕሮፔለር ይዞ ከመጣም ያው መታፈን ይደገማል። ርካሹ ፕሮፔለር ሳይነካ ውዱ ሞተር የሚቀየርበት ይህ ልማድ በቀን ጥቂት ጉዞ ብቻ የሚያገኝን ሰው የሚያደኸይ ከመሆኑም በላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣና ማዕበሉ ሲከብድ ቶሎ መነሣት ያቃተው ጀልባ ለተሳፋሪው ሕይወትም ያሰጋል። በእርግጥ ለጭነቱ ያነሰ ሞተር ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ማነሱ የሚታወቀው ተስማሚ ፕሮፔለር ገጥሞ ዙሩ ከተለካ በኋላ ነው።

ስለዚህ «በትልቅ ይቀየር» የተባለ ባለጀልባ ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በፕሮፔለሩ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ያንብብ፤ የመጀመሪያው የፕሮፔለሩ ስፋት፣ ሁለተኛው ፒቹ ነው።